የሲትና የሰኞ ጭስ

ሲትና የምትፈልገው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ በሯን ዘግታ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ጉልበቷን የምታሞቅበት አንድ ሰዓት። ወርቅ አልጠየቀች፤ ሐጅ ላኩኝ አላለች። ለዚች አንድ ሰዓት ያየነውን ጣጣ ግን አላህ ያውቀዋል።

ቤታችን ገዳሪፍ ውስጥ ከትልቁ የእህል ጎተራ ጀርባ ነው። የእኔንና የእሷን ግቢ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም በየክረምቱ ግማሹ ይፈርሳል፣ በየበጋው መልሰን እንለስነዋለን። እኔ ከመተማ መጥቼ ዑስማንን ካገባሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሠላሳውንም ዓመት የሲትናን የስፌት መኪና ድምፅ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። የልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለች፤ የሴት ቀሚስም ትሰፋለች። መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት እግሯ ከመርገጫው የወረደበትን ቀን ቁጠሪ ብትሉኝ የሁለቱን ዒድ ቀናት ብቻ እቆጥርላችኋለሁ።

በሯ ደግሞ በር አይባልም፣ የገበያ መግቢያ ነው። ዚፕ የተበጠሰበት ይገባል። መቀስ የሚዋስ ይገባል። ምንም ጉዳይ የሌለው ሰውም ሻይ ሊጠጣ ይገባል። ሲትና ለሁሉም “ግቡ፣ ግቡ” ትላለች። አንድ ቀን “ዛሬ አልችልም” ስትል ሰምቻት አላውቅም። ይኼ ጠባይዋ ነው ጉልበቷን የጨረሰው፤ መኪናው ብቻ አይደለም። ብነግራት “ሰው ከደጄ እንዴት ይመለሳል?” ትለኛለች። ከሲትና ጋር ክርክር የገባ የተጣመመ ስፌት ከመተርተር ይበልጥ ይደክመዋል።

ዘንድሮ፣ ከረመዳን ቀደም ብሎ፣ ጉልበቷ አብጦ ከሶላት ምንጣፍ ላይ መነሳት አቃታት። ሁለታችን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ልጅ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት “ሀጃ፣ እረፊ። ጉልበትሽን ሙቀት አስነኪው። በእግርሽም ተንቀሳቀሺ፤ ግን መኪናውን ቀንሺ” አላት።

“ዶክተር፣ መኪናውን ስቀንስ ማን ይሰፋል?” አለችው።

“እሱ የኔ ሥራ አይደለም” አላት። ደግ ልጅ ነው፤ እውነቱን ነው።

ይኼን ለልጇ ለራንያ መንገር አልነበረባትም። ራንያ ኻርቱም ነው ያገባችው፤ ከስልኳ ላይ ሌላ ዓለም ታያለች። በማግስቱ አንድ ትልቅ የድምፅ መልእክት ላከች። ሲትናና እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ሰማነው። “ዩማ፣ እናቴ” ይላል፣ “ራስሽን ተንከባከቢ እንጂ። ለራስሽ ጊዜ ስጪ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሺና ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውኃ ጠጪ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ከዚያ ደብተር ላይ የምታመሰግኝባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፊ። ማታ ዓይንሽ ላይ ኪያር አድርጊ። በእግርሽም ሂጂ።”

“ለራስሽ ጊዜ ስጪ ትለኛለች” አለች ሲትና። “ከየት አምጥቼ? ትላክልኝ!”

ግን ሞከረችው። ልጄ ደክማ የነገረችኝን እንዴት እንቢ እላለሁ ብላ ሁሉንም ሞከረችው፤ ጣጣው ለእኔ ተረፈ።

ሎሚው ጨጓራዋን አቃጠላት። ዝም ብሎ መቀመጡን ጀመረች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ውኃ ሻጩ በአህያው መጣ፣ ከእሱ በኋላ ወተት ሻጩ መጣ፣ ከእሱ በኋላ አንዷ መጥታ “ሲትና፣ ምነው ብቻሽን ፈዘሽ ተቀምጠሻል? ማን ሞተብሽ?” ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። የሞተ ሰው እንደሌለ እስክናስረዳት ረፈደ። ደብተሩማ አይነሳ። ያላት ደብተር የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበት አንድ ደብተር ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ እሷ ግን ስድስተኛን ስለጨረሰች ጽሑፏ ያምራል። በሦስተኛው ቀን ገልጬ ሳየው “ለጤናዬ አልሐምዱሊላህ። ለልጆቼ አልሐምዱሊላህ። የኢኽላስ ወገብ ዘጠና ስምንት፣ ደረት መቶ አራት” ይላል።

ኪያሩንም የበላችው ይቺው ኢኽላስ ናት። ኢኽላስ ከፊት ለፊታችን የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ባሏ ጅዳ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ጊዜዋን ሁሉ የሰው ቤት ነገር ላይ ታውለዋለች። ሲትና ዓይኗን ጨፍና ኪያሩን ልታደርግ ስትል ኢኽላስ ገባችና ሳህኑን አይታ፣ “ኧረ ጨው የለውም!” ብላ ጨው ነስንሳ ጨረሰችው።

በእግር መሄዱ ከሁሉ የባሰ ነበር። ጎተራውን ዞረን እንመለሳለን ብለን ወጣን፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ነው። ግን ማነው በገዳሪፍ መንገድ ላይ ዝም ብሎ የሚያልፍ? በየደጃፉ በወንድ ልጇ ስም እየጠሩ “የባቢከር እናት! በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንድ ሻይ ሳትጠጪ አታልፊም!” ይሏታል። ስድስት ቤት ገብተን፣ ስድስት ጊዜ ተቀምጠን፣ ስድስት ጊዜ ተነሳን። ሲመሽ ደግፌ መለስኳት። ጉልበቷ ስትወጣ ከነበረው በእጥፍ አብጧል።

የዚያን ዕለት ነው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የተናደደችው። በሠላሳ ዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ነው እንደዚያ ያየኋት።

“ሰዓዳ፣ ይኼ ሁሉ የሌላ ሰው ነው” አለችኝ። “ሎሚውም የሌላ ሰው፣ ዝምታውም የሌላ ሰው። እኔ ምን እንደሚሻለኝ እኔ አላውቅም እንዴ? ባቢከርን ስወልድ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። እናቴ አርባ ቀን ጭስ ላይ አስቀምጣ ነው እንደ ልጃገረድ ያስነሳችኝ።”

ገባኝ። ዱኻኑን ማለቷ ነው።

ከማጀቷ ጥግ አንድ ጉድጓድ አለ፤ በሁሉም ባለትዳር ቤት አለ። ሴቲቱ ጠልህ የሚባለውን የግራር እንጨት ታጨስበታለች፣ መሐሉ ክብ የተቀደደ ሰሌን ላዩ ላይ ታነጥፋለች፣ ሰውነቷን ቅባት ተቀብታ፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ተጠቅልላ ትቀመጥበታለች። ጭሱ ከአጥንት ውስጥ ብርዱን እያወጣ ላብ ያደርገዋል። የሲትና ጉድጓድ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ በቆርቆሮ ተከድኖ የውኃ ጋን ተቀምጦበታል። የዚህ አገር ደንብ ነው። ዱኻን ባል ያላት ሴት ለባሏ ብላ የምትታጠነው ነው፤ ባል የሞተባትም፣ ባሏ ሩቅ አገር ያለባትም ጉድጓዷን ትከድናለች።

“ሲትና” አልኳት፣ “ሰው ምን ይላል?”

“ለጉልበቴ ነው። ሰው ጉልበቱን ይጠብቅ።”

ጋኑን እየገፋን አነሳነው። የኔ ወገብ ያን ቀን የተቆረጠ እስከ ዛሬ አልዳነም፤ ለነገሩ እሱን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ደንቡን አወጣች። ሰኞ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት በሩ ይዘጋል። ስልኩ የዱቄት ጣሳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ጭሱ፣ ከጭሱ በኋላ ዲልካ፤ በማሽላ ዱቄትና በሽቶ የተቦካውን ያንን ቡናማ ሊጥ ጉልበቷን እያሸች እስኪረግፍ ትፈትገዋለች። ከዚያ እግሯን ሰቅላ ትተኛለች። በቃ። የሎሚ ውኃ የለ፣ ደብተር የለ።

የመጀመሪያው ሰኞ ስትጨርስ ገባሁ። ፊቷ ቀልቷል፣ ግንባሯ ላይ ላቡ ችፍ ብሏል።

“እንዴት ነው?” አልኳት።

“ዝም አለ” አለችኝ ጉልበቷን እያሳየችኝ። “ስንት ዓመት ሲጮህብኝ የኖረው ዛሬ ዝም አለ።”

በአራተኛው ሰኞ እብጠቱ ጠፋ። በአምስተኛው ሳምንት ከሶላት ምንጣፏ ያለ እጅ ድጋፍ ተነሳች። ቆዳዋ የሻይ መልክ ይዞ ያበራ ጀመር። ሽታውንማ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጠልህ ሰውነት ላይ አንዴ ከገባ በሳሙናም አይለቅም፣ ሰፈሩን አቋርጦ ሌላ ሰፈር ይደርሳል። በስድስተኛው ሰኞ ኢኽላስ በሬ ላይ ቆማ አየሩን ስታሸት አገኘኋት።

“ሰዓዳ፣ አሸተትሽ?”

“ምኑን?”

“አፍንጫሽ ተደፍኗል? ጠልህ ነው። ከመበለት ቤት!”

“ለጉልበቷ ነው።”

“ለጉልበቷ!” ብላ ሳቋን ለቀቀችው። “የኔም ባል ከጅዳ የሚመጣ ቀን ጉልበቴን እንደሚያመኝ አውቃለሁ! ይልቅ ንገሪኝ፣ ማነው?”

“ማንም የለም አልኩሽ።”

“አንቺ መቼም ከሞት በኋላም ቢሆን አትናገሪም።” ሄደች። መንገዱን በሙሉ አዳረሰችው።

እኔ ይኼ ወሬ በሳምንት ይበርዳል ብዬ ነበር። እንጨት ሻጩን ሀጅ ሙኽታርን ረስቻቸው ነው። ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመታቸው ነው። ሲትና በየሳምንቱ እሳቸው ዘንድ እየሄደች ጠልህ ትገዛለች፤ እሳቸውም በየሳምንቱ ጥሩ ጥሩውን፣ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ ይሰጧታል፣ ሁለት ሦስት ፍልጥ ይመርቁላታል። “ደግ ሰው ናቸው” ትለኝ ነበር። ምን ደግነት! ባል የሌላት ሴት በየሳምንቱ ሚስት ከሌለው ሰው እጅ ጠልህ ስትገዛ፣ ሰውየው መልእክት ነው ብለው አንብበውታል።

አንድ ሐሙስ እህታቸው አንድ ጆንያ ስኳርና የሻይ ካርቶን በአህያ ጋሪ ጭና መጣች። ሲትና የቀሚስ ደንበኛ መስላት “ልክሽን ልውሰድ?” አለቻት።

“የመጣሁት ለወንድሜ ነው” አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። “ምልክትሽን አይቷል። ደስ ብሎታል።”

“የምን ምልክት?”

“እንጨቱን ነዋ።”

“እንጨት ነው የገዛሁት! እንጨት ከእንጨት ሻጭ ነው የሚገዛው!”

“ታዲያ የማገዶ እንጨት በገዛሽ ነበራ” አለች ሴትዮዋ። ጆንያውን ወደ ጋሪው መልሰን ለመጫን አራት ሴት ፈጀን፤ ለማየት የወጣው ግን አርባ ሰው ይሆናል።

ኢኽላስ ለባቢከር ደወለች። ደወልኩ አላለችም፣ ግን ሌላ ማን ይደውላል? ባቢከር ወደብ ላይ፣ ፖርት ሱዳን ነው የሚሠራው፤ አውቶቡስ ይዞ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደረሰ። መድረሱን የሰማችው ሲትና መኪናዋን ትታ፣ ጫማዋን ሳታደርግ፣ በሩን አልፋ፣ መንገዱን አቋርጣ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ከግድግዳዬ በላይ እያየሁ “አንቺ ሴት፣ አትሩጪ!” እያልኩ በሆዴ እጮኻለሁ። አልሰማችኝም።

እቃውን ገና አላስቀመጠም፣ “ዩማ፣ ይኼ የምሰማው ምንድነው?” አላት።

“ጉልበቴ ነው ልጄ። ሐኪሙ ሙቀት አስነኪው አለኝ።”

“ጉልበትሽ? አሁን እንደ ፍየል ስትሮጪ አይቼሽ?”

“የሮጥኩት ስለተሻለኝ ነው! የተሻለኝ ደግሞ በጭሱ ነው!”

“ከተሻለሽ ታዲያ ጭሱ ለምን ያስፈልግሻል?”

ይኼን ሲል እኔ መሐላቸው ቆሜ ነበር፤ ራሴን ያዝኩ። ቢያማት ኖሮ ጭሱ መድኃኒት ይሆንላት ነበር። ስለዳነች ግን ጌጥ ሆነባት። “ባቢከር፣ ልጄ” አልኩት፣ “ከሦስት ወር በፊት ይቺ ሴት ከምንጣፍ ላይ በእኔ ትከሻ ነበር የምትነሳው።”

“ኻልታ ሰዓዳ፣ አክስቴ፣ አንቺን አምናለሁ” አለኝ። “ግን ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ ልታስረጂው ነው? ወደብ ላይ እንኳ የሰፈራችን ልጆች ‘አዲሱ አባትህ እንጨት በነፃ ይሰጡሃል ወይ?’ እያሉኝ ነው።”

ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰድቤ እወጣለሁ። እናቱን ይወዳል፣ የሰዉ ሳቅም ያሳፍረዋል፣ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻለም። እሑድ ጠዋት ሲሚንቶ ገዝቶ መጣና ራሱ አቡክቶ ጉድጓዱን ደፈነው። ሲትና መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትረግጣለች። ጨርቅ እንኳ አላስገባችም፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል ይወርዳል። ባቢከር ሲሚንቶውን በመዳፉ አለሳልሶ፣ ጋኑን መልሶ አስቀምጦ፣ ማታ ግንባሯን ስሞ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ “ተዘግቷል” እያለ ሄደ።

ሰኞ መጣ፣ ሄደ። ሁለተኛው ሰኞም ሄደ። የትምህርት መክፈቻ ደርሶ ሥራ በዝቶባት ነበርና በሦስተኛው ሰኞ ጉልበቷ ዳቦ አከለ። ውኃ ልትቀዳ ጋኑ ዘንድ ሄዳ እዚያው ተቀምጣ ቀረች። ከግድግዳው በላይ አየኋት፤ ሲሚንቶው ላይ ነው የተቀመጠችው።

“ተነሺ” አልኳት።

“እየተነሳሁ ነው” አለችኝ። አልተነሳችም።

እኔ ብዙ የማስብ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ንዴት አሳሰበኝ። የማን ቤት ጭስ ነው ሰው የማይጠይቀው? ባል ያላት ሴት ቤት። ባል ያላት ማናት? እኔ። ጉድጓዴ ከዓመታት በፊት አፈር ሞልቶት ጠፍቷል፤ ዑስማን ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ዕድሜውን በሙሉ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ አቧራው አፍንጫውን ስለጨረሰው የተቃጠለ ወጥ እንኳ አይሸተውም። ቢሆንም ባል ባል ነው፤ አንድ ሰው ጣራ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል፣ ሕጉ ተሟላ። አካፋ አንስቼ ጥቁሩን አፈር ቆፈርኩ። በማግስቱ ሲትናን በፈረሰው የግድግዳ ቀዳዳ ሳብኳትና ጭሱ ላይ አስቀመጥኳት።

“ከበድኩሽ” አለችኝ።

“ዝም በይና ተቀመጪ።”

አሁን ደግሞ የእኔን መከራ ስሙ። የሲትና ሽታ እንዳይታወቅባት እኔም መሽተት አለብኝ፤ “ከጎረቤቷ ቤት ውላ ነው” እንዲባል። ስለዚህ ጉልበቴ ደህና ሆኖ፣ ሙቀት እየጠላሁ፣ እሷ ስትጨርስ እኔ እገባለሁ። እንጨቱንም የምገዛው እኔ ነኝ፤ ሀጅ ሙኽታር አኩርፈዋል፣ እርጥብ እርጥቡን እየመረጡ ይሰጡኛል፣ ጭሱ ዓይናችን እስኪጠፋ ያስለናል። መንገድ ላይ ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ “ሰዓዳ፣ ማሻአላህ! በዚህ ዕድሜ!” ይሉኛል። ይኼን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው ዑስማንን ነው። አንድ ሰው መስጊድ ውስጥ ነግሮታል። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ጢሙን ይከረክማል፣ ነጩን ጀለቢያ ለብሶ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

“ምን ትጠብቃለህ?” አልኩት።

“ምንም” አለኝ፤ ጥምጣሙን አስተካከለ።

ባለፈው ሰኞ እንዲሁ ሆነን ሳለ፣ ሲትና ብርድ ልብሱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ እኔ እርጥቡን እንጨት እያራገብኩ፣ ኢኽላስ ከውጭ በሩን ደበደበች።

“ሰዓዳ! ሲትና እዚያ ናት? መቀስ ፈልጌ ቤቷ አጣኋት!”

“የለችም!” አልኩ።

“መቀሱ መኪናው ላይ ነው! በስተቀኝ!” አለች ሲትና ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ማራገቢያዬን ጣልኩት። ይቺን ሴት ምን ላድርጋት? እኔ ስሜን ሽጬ፣ ዑስማንን አሳብጄ፣ እሷ ለአንድ መቀስ! አፏን በእጇ ይዛ ቁልጭ ቁልጭ ታየኛለች።

ኢኽላስ አሁን መንገዱን ልታዳርሰው ነው ብዬ ሄድኩና በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። ኢኽላስ እንደ ወትሮዋ አንገቷን አላሰገገችም። ጭሱን አሸተተች፣ ከዚያ ወገቧን ያዘች።

“ለጉልበቷ ነው?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“ስንት ጊዜ ልንገርሽ?”

“እኔ ደግሞ ወገቤ” አለች። “ሁለት ዓመት ሆነኝ። የእሱ መምጫ ደግሞ አይታወቅም… ለማንም አልናገርም ሰዓዳ፣ በቁርዓን እምላለሁ። ቦታ አለ?”

ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ሲትና ሁሉንም ሰምታለች፤ አፏ “ግቢ” ለማለት ተከፍቷል። አውቃታለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። ቀደምኳት።

“ሰኞ ቦታ የለም” አልኳት ለኢኽላስ። “ማክሰኞ ነይ። እንጨትሽን ይዘሽ፣ ደረቅ።”

በሩንም ዘጋሁት።